ፀሐይ ሳትጠልቅ ስለማይነገረው የእንጦጦ ተረት

ለተከበሩ አቶ ሰላሙ፣
የሰፈራችን የሕፃናት ንባብ ቤት ኃላፊ

ክቡርነትዎ፣ ጤናዎ እንደ ንባብ ቤቱ ቁልፍ የጠነከረ፣ እንቅልፍዎም ከእኛ የተሻለ እንዲሆን እየተመኘሁ ከእንጦጦ ግርጌ እጅ እነሳለሁ። እኔ የድሮ አፈ ታሪኮችን ለልጆች እንዲመቹ አድርጌ የምጽፍ ሰው ነኝ፤ ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

እንዳመለከትነው፣ የእንጦጦን ጋራ ዘንዶ ተረት ከዳር እስከ ዳር የሚያውቁት እማማ ወለተጊዮርጊስ ብቻ ቀርተዋል። እርሳቸው ደግሞ በቀን የተረተ ሰው ከብቱ ይጠፋል ተብለው ስላደጉ ፀሐይ ሳትጠልቅ አይተርቱም፤ «የላም በረት» ብለው የሚቀበሏቸው ልጆች ከሌሉም አፋቸውን አይከፍቱም። አከራያቸው የልጅ ጫጫታ ስለማይወዱ፣ ወላጆችም ከመሸ ልጆቻቸውን የሚልኩት ወደ ንባብ ቤቱ ብቻ ስለሆነ፣ ማታ ለአንድ ሰዓት ያህል እንዲከፈትልን ለምነንዎት ነበር። ስላደረጉልን ውለታ በተራ ላመስግን።

፩. «ተረቱ በሥራ ሰዓት ይነገር» ብለው ስለመለሱልን እናመሰግናለን። እማማም ሲሰሙ «ከብት እንደሌለኝ አውቆ ይሆናል» ብለዋል።

፪. ጥበቃው አቶ ዋቅጅራ አንድ ምሽት አዝነው ቢከፍቱልን፣ ማስጠንቀቂያ ስለሰጧቸው እናመሰግናለን። በዚያች ምሽት እማማ፣ በተረቱ ያለችው ልጅ የተዋጠ ወንድሟን ለማውጣት እጇን ዘንዶው አፍ ውስጥ እስክታስገባ ድረስ ተረቱልን፤ ደከማቸውና የቀረው ለነገ ተባለ። በነጋታው በሩ ተቆልፎ ጠበቀን።

፫. ንባብ ቤቱ ውስጥ የሚያድሩት የስብሰባ ወንበሮች እንዳይረበሹ ስለተጨነቁላቸውም ምስጋናችን ወሰን የለውም።

ክቡርነትዎ፣ ቀልዱ እዚህ ላይ አለቀብኝ። እማማ ታመዋል፤ ትናንት የገዛ ልጃቸው ስም ጠፋባቸው። የተረቱን መጨረሻ ራሴ ፈጥሬ ልጽፈው ሞከርኩ፤ ውሸት ሆነብኝና ቀደድኩት። ጨንቆኛል። እግርዎ ላይ እንድወድቅ ቢፈልጉ እወድቃለሁ፤ ብቻ ዛሬ ማታ ይክፈቱልን። ነገ እማማ ማን እንደሆንን እንኳ ላያውቁን ይችላሉ።

ለወንበሮቹ ሰላማዊ እንቅልፍ፣ ለክቡርነትዎም ረጅም የሥራ ሰዓት እየተመኘሁ፣

ትሑት አመልካችዎ፣
ማዕዶት ተክለብርሃን

ማስታወሻ፦ ልጆቹ መንገድ ላይ ባገኙኝ ቁጥር «ልጅቱ እጇን አወጣች?» ይሉኛል። በሥራ ሰዓት ቢሮዎ መጥተው እርስዎን እንዲጠይቁ ነግሬአቸዋለሁ። በዚያች ምሽት ከፊት ተቀምጣ የነበረችው ልጅዎ ነፃነት ግን፣ የምትጠይቅዎ ማታ እቤትዎ ነው።