የመረጥካት መኪና ከደጃችን ቆማለች

ታዴዬ፣

ከተለየኸኝ አምስት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ሰው ሲጠይቀኝ «አምስት ዓመት አለፈው» ብዬ በአጭሩ እቆርጠዋለሁ፤ ካንተ ግን ወሮቹን አልሸሽግም። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ የምነግርህ አጥቼ አይደለም። የምነግርህ ሁሉ መሸነፌን ብቻ ስለነበረ ነው፤ እሱን ደግሞ እያየኸው ሄደሃል። አሁን ግን ጥርሴን ነክሼ የጠበቅኩት ወሬ አለኝ።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርህ። ልጃችን ሰናይት ስምንተኛ ክፍል ገብታለች። ቁመቷ ያንተ፣ ንዴቷ የእኔ ሆኖ ቀርቷል፤ መምህሮቿ የሚያመሰግኑልኝ ቁመቷን ብቻ ነው። የጓሮው እንሰት ሰፍቶ አጥሩን ሊገፋው ደርሷል። አባትህ፣ አባባ፣ እዚያው ፎንቆ መንደራቸው ደህና ናቸው፤ ዓይናቸው ደከም አለ እንጂ ምላሳቸው እንዳለ ነው። አንተ ትቀመጥበት የነበረው ወንበር ላይ ማንም እንዳይቀመጥ ብዬ ነበር፤ ድመቷ አልሰማችኝም።

መኪናዋም፣ ታዴ፣ ከደጃችን ቆማለች። አዎ፣ ያቺው ነጯ። ቆይ፣ አትቸኩል፤ ከሥሩ ላውራህ።

መቼም ያንን ምርጫህን እኔ ካልመሰከርኩልህ ማን ይመሰክርልሃል? እኔን ለማግባት ሦስት ወር በቅቶህ ነበር። መኪና ለመምረጥ ግን ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ፈጀህ። «አንዴ ነው የምንገዛው፤ ሰናይትን ስንድር ሙሽራዋን የምናወጣው በዚህችው ነው» ትል ነበር። የዱራሜው ነጋዴ የፈረንሳይ መኪናውን ሊሸጥልህ ሲል አንድ ቅዳሜ ሙሉ አብረኸው ስትዞር ውለህ መጣህና «ምቾት አላት፤ ግን ዳገት ላይ ታስባለች» አልከኝ። የሀቢቾው ጤና ረዳት የጃፓን መኪናውን ሲያቀርብልህ ደግሞ «ይህቺስ አትሞትም፤ ነጂው ነው በእንቅልፍ የሚሞተው» ብለህ ሳቅህ። ጋሽ ሎምቤ መካኒኩ እዚሁ ሆሳዕና ፈትቶ ሊገጥመው የማይችለውን ሞተር አልገዛም ብለህ ስንቱን መለስክ። መለዋወጫዋ አዲስ አበባ ካልተገኘ አልነካትም ብለህ ስንቱን። የፈለግከው ግን ጥንካሬ ብቻ አልነበረም። በክረምት ጭቃ የማታሳፍር፣ ከዓመት ዓመት የማትከዳ፣ ደግሞም መሪዋን ስትይዝ እንደ ውድድር መኪና የምትታዘዝህን ነበር። «አራት በር ይኑራት፣ አንቺና ልጄ ትገባላችሁ፤ ስነዳት ግን ብቻዬን ያለሁ ይምሰለኝ» ስትለኝ ሁለት ቀን አኩርፌህ ነበር። አሁን ሳስበው ያስቀኛል።

ፈረንጁ የእህል ዘር ባለሙያ ወደ አገሩ ሊመለስ ነው ሲባል፣ የጣሊያን ሥራ የሆነችውን ነጯን መኪናውን እንዲያዩልህ አባባን ከፎንቆ አስመጣሃቸው። ፈረንጁ ግራ ገብቶት ቆሞ ሲያይ፣ አባባ በሬ እንደሚገዛ ሰው ዙሪያዋን ዞሩ። ጎማዋን በከዘራቸው ነካ ነካ አደረጉ። ከኋላ ቆመው አካሄዷን ተመለከቱ። ዳገት አስወጥተው ትንፋሿን አዳመጡ። በመጨረሻ «እኔ ገበያ የቆመ በሬ አይቼ ገዝቼ አላውቅም፤ ጧት ከተኛበት ሲነሳ ካላየሁ። ይህቺንም ጧት ስትነሳ እያት» አሉህ። በማግስቱ ገና ጎህ ሲቀድ ፈረንጁ በር ላይ ቆምክ። ማታውን አሙቋት እንዳይሆን ኮፈኗን በመዳፍህ ዳበስክ፣ ቀዝቃዛ መሆኑን አረጋገጥክ፣ ከዚያ አስነሳልኝ አልከው። ባንድ ጊዜ ተነሳች። ቤት ገብተህ ስታወራልኝ አፍህ ይተሳሰር ነበር።

በዚያ ሰሞን ነው እኔንም በፎንቆ መንገድ መንዳት ያስተማርከኝ። ፍሪሲዮኑን በረገጥኩ ቁጥር የሚጨማደደው ያንተ ፊት ነበር። ሆሳዕና ውስጥ ሴት መሪ ይዛ ብትታይ ሳምንት ሙሉ ሌላ ወሬ ስለማይኖር፣ ከከተማ ከወጣን በኋላ ብቻ ነበር ቦታ የምንለዋወጠው። ስለዚህ መንዳት መቻሌን ካንተና ከአባባ በቀር ያወቀ አልነበረም።

ስምንት ወር ነው የነዳሃት። ስምንት ወር! ከዚያ ያ ሰው መጣ። ስሙን አልጽፈውም፤ ያንተ ስም ባለበት ወረቀት ላይ አይሰፍርም። ራሱ እንደሚወደው ጓዱ ልበለው። ሁለት ታጣቂ አስከትሎ፣ ማህተም ያረፈበት ወረቀት ይዞ፣ መኪናዋ ለአብዮቱ ሥራ ለጊዜው እንደምትፈለግ አነበበልን። «ለጊዜው» የምትለው ቃል ላይ ሲደርስ ፈገግ ያለው አሁንም ዓይኔ ላይ አለ። አንተ ቁልፉን ሰጠኸውና ምን አልክ? «ጓድ፣ ጧት ሲያስነሷት ትንሽ ይታገሷት፤ ሳትሞቅ አይርገጧት።» እንዲህ ያለ ሰው ነበርክ፤ ለወሰደብህ ሰው ምክር ትሰጣለህ። እሱ እዚያው ፊትህ እስክትጮህ ረግጧት ወጣ። ከዚያ በኋላ ክፍል ውስጥ ሆነህ ድምፅዋ በመንገድ ሲያልፍ ጠመኔህ ሰሌዳው ላይ ይቆም እንደነበር ተማሪዎችህ ነግረውኛል።

አሁን ስለዚያ ቀን። ጎህ ሲቀድ ሆድህን ይዘህ ተነሳህ። የክሊኒኩ ሰው ነካክቶህ «ትርፍ አንጀት ነው፤ ቶሎ ቀዶ ጥገና ወዳለበት ሆስፒታል ውሰዱት» አለ። እየሮጥኩ ጓዱ ቢሮ ደረስኩ፤ ጧት አንድ ሰዓት አልሞላም ነበር። መኪናችን ግቢው ውስጥ ታጥባ ቆማለች። የሚፈልጋት ሥራ አልነበረም። እግሩ ላይ ወደቅኩ፣ ታዴ። ለማንም አንገቴን ደፍቼ የማላውቀው ሴት ጫማውን ያዝኩ። እሱ አልተቆጣም፤ አለመቆጣቱ ነው እስከ ዛሬ አንጀቴን የሚያሳርረው። ረጋ ብሎ «የመንግሥት ንብረት ለግል ጉዳይ አይወጣም፣ ጓዲት» አለኝ።

የጭነት መኪና እስኪገኝ ከረፋዱ አራት ሰዓት ሆነ። የእህል ጆንያ ላይ አስተኛንህ። መንገዱን ዝናብ በልቶታል፤ እያንዳንዱ ጉድጓድ በሆድህ ነበር የሚያልፈው። ዱራሜ ላይ ጎማ ፈነዳ። አዲሎ የደረስነው ዘጠኝ ሰዓት ነው። ሾፌሩ ውሃ ሊጨምር ወረደ፣ አንተም እጄን ለቀቅክ። ከቀብርህ በኋላ ሆስፒታሉ ድረስ ሄጄ ሐኪሙን ጠየቅኩት። «ከቀትር በፊት ቢደርስልን ኖሮ እናተርፈው ነበር» አለኝ።

ጓዱ ባለፈው ዓመት በግምገማ ወደቀ። ምን አጥፍቶ እንደሆነ አልጠየቅኩም፤ የተከሰሰው ባንተ ካልሆነ ምን አገባኝ? ግን አዲሱ ኃላፊ ዘንድ ሄጄ መኪናችን እንድትመለስልን አመለከትኩ። ሰውየው መዝገብ ሲያገላብጥ ቆይቶ «እንዲህ ያለች መኪና መሥሪያ ቤታችን አያውቅም፣ እህቴ» አለኝ። ገባህ፣ ታዴ? ያንን ወረቀት ጓዱ ከራሱ መሳቢያ ነው ያወጣው። የመንግሥት ናት ብሎ የከለከለኝ መኪና ለአንድ ቀን እንኳ የመንግሥት ሆና አታውቅም። ያንተው ነበረች። ያንተን መኪና ነው ላንተ የነፈገህ። ያን ቀን ከቢሮው እስከ ቤት እንዴት እንደመጣሁ አላውቅም።

ሊብሬው እስከ ዛሬ ባንተ ስም ነው፤ ፍርድ ቤትም ወራሽነቴን አጸደቀልኝ። ክስ ልመሠርት ስል ጓዱ ቀደመኝና ሽማግሌ ላከ። ወደ ሌላ አውራጃ ሊዛወር ነው፤ ያለ ሊብሬ ደግሞ መኪናዋን ይዞ ከኬላ አያልፍም። ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ስሙን አዙሬ እንድፈርምለትና በይቅርታ እንድንለያይ ጠየቀ። ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ፦ አንዱ ከእናንተ ቤተ ክርስቲያን፣ አንዱ ከእኔው ደብር፣ ሦስተኛው ጎረቤታችን ጋሽ ኤርጊቾ። እሺ አልኳቸው። ሰናይት ይህን ስትሰማ እራቷን ትታ ተነሳች።

አንድ ነገር ብቻ ለመንኩ፤ የአባባ አገር ወግ ይጠበቅልኝ አልኩ። በነሱ ሽምግልና የተወሰደው ነገር አስቀድሞ ወደ ተበዳዩ እጅ ይመለሳል። ተበዳዩ ይዞት ይቆያል፤ ልቡ ሲፈቅድ ለሽማግሌዎቹ ይሰጣል፣ እነሱም ለጠያቂው ያስረክባሉ። ሽማግሌዎቹ ወግ አወቀች ብለው መረቁኝ። ጓዱም ለአፍታ ጎንበስ ብሎ ማለፍ መስሎት ወዲያው ተስማማ።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ነጯን አሳጥቦ፣ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ጫማውን አስወልውሎ መጣ። ሽማግሌዎቹ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል፤ ጎረቤቱ ሁሉ አጥር ላይ ነው። ጓዱ ጎንበስ ብሎ ቁልፉን በሁለት እጁ ሰጠኝ። «ለአፍታ ልሰናበታት» አልኩና በሩን ከፍቼ ገባሁ። ላለቅስ መስሏቸው ሁሉም ፊታቸውን መለስ አደረጉ። እኔ ወንበሩን ወደ ፊት ሳብኩት።

ፊቱን ብታየው፣ ታዴዬ! ሞተሩ ሲነሳ ሳቀ፤ ቀልድ መሰለው። ሁለተኛ ማርሽ ሳስገባ ነው መሮጥ የጀመረው። በዚያ በተወለወለ ጫማው ጭቃውን እየረገጠ «ቁሚ! አንቺ ሴትዮ ቁሚ! ኧረ ሽማግሌዎች አስቁሙልኝ!» ይላል። ጋሽ ኤርጊቾ «እንግዲህ ልቧ አልፈቀደም፤ እኛ ምን እናድርግ?» ብለው ጋቢያቸውን አስተካክለው ወደ ቤታቸው ሄዱ አሉ። በሕይወቴ እንደዚያ አንጀቴ የራሰበት ቀን የለም። በቀል ጣፋጭ አይደለም የሚለኝ ሰው ካለ አጠገቤ ይቀመጥና እነግረዋለሁ።

በቀጥታ ፎንቆ ወሰድኳት። አባባ ከቤት ወጥተው ዳበሷትና ተመልሰው ገቡ። አልዋሽህም፣ ተጎድታለች። ዘይቷ ጭቃ ሆኗል፣ ካንዴላዎቿ ከስለዋል፣ የኋላ ወንበሯ በግ በግ ይሸታል። ጋሽ ሎምቤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ፈትቶ ገጠማት፤ ሞተሯ ግን ያው ነው ይላል። እውነት ነው፣ ዳገት ላይ አሁንም ትዘላለች። ለዚህም ተናድጄባታለሁ፤ አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ እሱን መንገድ ላይ ጥላው ብትቀር ምን ነበረበት? ግን ምን ታድርግ፤ እንዳትከዳ አድርገህ የመረጥካት አንተ ነህ።

የወሩን የቤንዚን ኩፖን በምን እንደምጨርሰው ልንገርህ? በጓዱ ቤት ፊት በማለፍ። ዝውውሩ ዘግይቶበት እዚሁ በእግሩ ይንከራተታል። በጭቃ ቀን መንገድ ላይ ሳገኘው ቀስ እላለሁ፤ መሪውን ማን እንደያዘ ደህና አድርጎ ያያል፤ ከዚያ እሄዳለሁ። የእናንተ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ይቅር በይው ይሉኛል፤ የእኔ የንስሐ አባትም እንደዚሁ። በሌላ ነገር ተስማምተው አያውቁም። አልችልም ብያቸዋለሁ። አንተም ካለህበት ሆነህ እንዳትለምንልኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ሰናይትን አባባ ዘንድ ትቼ ብቻዬን ወጣሁ። አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል፣ የጓዱን ጫማ ከያዝኩበት ግቢ በር ተነሳሁ። ሆን ብዬ የዝናብ ቀን ነው የጠበቅኩት። በቤታችን በኩል ዞሬ፣ አንተን ደግፌ ለማስገባት የሚበቃኝን ያህል ቆምኩ። አልሮጥኩም። ጉድጓድ ባየሁ ቁጥር የተኛህ እየመሰለኝ ዝግ አልኩ። አንጋጫን አለፍኩ፣ ዱራሜን አለፍኩ፣ አዲሎ ላይ ፊቴን አላዞርኩም። ሆስፒታሉ በር ላይ ሞተሩን አጥፍቼ ሰዓቴን አየሁ። አራት ሰዓት ተኩል። ያ የጭነት መኪና በዚህ ሰዓት ገና ከሆሳዕና እየወጣ ነበር።

ነገ ጧት የጓዱን በር አንኳኩቼ ይህችን ሰዓት ብቻ ነግሬው እመለሳለሁ። ካልገባው ቆሜ አስረዳዋለሁ። ወደሚዛወርበትም ቢሄድ መንገዱን አውቀዋለሁ፤ መኪና አለኝ። እኔ እስካለሁ ድረስ በዚህ አገር ታደሰ በሆድ ሕመም ሞተ የሚል ሰው አይኖርም። የሞትክበትን ምክንያት፣ ሰዓቱንም ጭምር፣ ለሰናይት አስጠንቻታለሁ።

ሆስፒታሉ በር ላይ ግን፣ ታዴዬ፣ ገና ከመቀመጫዬ ሳልነሳ ዘበኛው በዝናብ ውስጥ እየሮጠ መጣና የኋላውን በር ከፈተ። «ጎሽ፣ በጊዜ አደረስሽው፤ የታለ በሽተኛው?» አለኝ።

ያንተው ብርቄ