ክብርት አፈ ጉባኤ እኅቴ፣ ሐሳብሽ ጸደቀ

እታለሜ፣ የቤታችን አፈ ጉባኤ፤

ከተለየሽን መንፈቅ ሞላ፤ ተዝካርሽንም ባለፈው እሑድ አወጣን። እማዬ አሁን እህል ትቀምሳለች፤ አባዬም ሬዲዮኑን መክፈት ጀምሯል። አልጋሽን እኔ ወስጄዋለሁ። የእኔ በጣም ይንቋቋ ስለነበር ነው፤ አትቆጪኝ።

በልቅሶሽ የሆነውን ብታዪ በሳቅ ትፈርሺ ነበር። የትምህርት ቤታችን የተማሪዎች ፓርላማ አባላት በሙሉ ሊያጽናኑን መጡ። ድንኳኑ ውስጥ ተደርድረው ተቀመጡና ዝም አሉ። ያለ ፈቃድ የሚናገረውን እንዴት እንደምታስቀምጪው ለምደውታል። በመጨረሻ ያ ሁልጊዜ የሚሞግትሽ ደረጀ እጁን አወጣ። ለቀስተኛው ሁሉ ልጁ ምን ነካው ብሎ ዞረ። አባዬ ግን ገባውና ዕድል ሰጥቼሃለሁ አለው። ደረጀ ተነሥቶ ክብርት አፈ ጉባኤያችን ብሎ ጀመረ። ከዚያ ሌሎቹም እጃቸውን አወጡ። አባዬ በየተራ አናገራቸው፤ አንዷ ስታስረዝምበት ሰዓትሽ አልቋል አላት። እማዬ ከቀብርሽ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቀችው ያኔ ነው።

ከሞጣ ተዛውረን ቢቸና ስንመጣ ልጆቹ የሞጣዋ እያሉ ሲያሾፉብሽ ትዝ ይልሻል? ለአፈ ጉባኤነት ስትወዳደሪ ፈርቼልሽ ነበር። አንቺ ግን ከገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩትን እየዞርሽ ምን እንደጎደላቸው ጠየቅሽ። በአንዲት ጠባብ ክፍል ተጨናንቀው ስለሚኖሩ የፈለጉት የማጥኛ ቦታ ብቻ ነበር። ቤተ መጻሕፍቱ ቅዳሜም ይከፈት የሚለውን ሐሳብ ያቀረብሽው ለዚያ ነው። ድምፅ ሳይሰጥበት ታመምሽ፤ ከሆስፒታልም አልተመለስሽም።

ከዚያ በኋላ ፓርላማው ሳይሰበሰብ ከረመ። ሐሳብሽም አብሮሽ ሊቀበር ነው ብዬ ሰጋሁ። ባለፈው ወር እንደገና ሲሰበሰቡ ወንበርሽን ለእኔ ሊሰጡኝ ፈለጉ። ሰው ፊት ቆሜ መናገር እንደምፈራ ታውቂያለሽ። ደግሞም በሐዘኔታ የሚሰጥ ወንበር አንቺ አትወጂም። እምቢ ብዬ ደረጀን ጠቆምኩ፤ ተመረጠ።

መጀመሪያ ያነሣው ያንቺን ሐሳብ ነው፤ ግን እንደ ልማዱ ሞገተው። ቅዳሜ ማን ይጠብቃል፣ መጽሐፍ ቢጠፋስ ማን ይጠየቃል አለ። እጄን አወጣሁ። ተነሥቼ ጠባቂው እኔ ነኝ አልኩ። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፤ ርእሰ መምህሩም ቁልፉን ሰጡኝ።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ መቀመጫ አይገኝም። ገበያ የመጡ ወላጆች ለልጆቻቸው ስንቅ የሚያቀብሉት በእኔ በኩል ሆኗል። ቆሎ አትብሉ ብል ማን ሊሰማኝ! አዲሶቹ ልጆች አንቺን አያውቁሽም፤ ቤተ መጻሕፍቱ ድሮም ቅዳሜ ክፍት የነበረ ይመስላቸዋል። መጀመሪያ ከፍቶኝ ነበር፤ አሁን ግን መላ አግኝቻለሁ። በዚህ ትምህርት ቤት እስካለሁ ድረስ፣ በሩን ማን አስከፈተው ብሎ የሚጠይቀኝን ሁሉ ከመጽሐፉ አስነሥቼ ስላንቺ አወራዋለሁ። ጥናቱ ይቆየው።

ታናሽሽ