የወለንጪቲው ለቅሶ

ኮከብ፣

ሽሮው ድስቱ ውስጥ ነው፤ አሙቂው።

«አክስቴ ሞታ ወለንጪቲ ለቅሶ ልደርስ ነው» ስትዪኝ፣ አንቺ እያለቀስሽ እኔ ኮሜዲ አይቼ አልስቅም ብዬ ቀረሁ። ያንን ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ ቲያትር፣ ያውም የምወደው ተዋናይ ሙስዓብ የሚሠራበትን፣ ስንት ወር እንደጠበቅኩት እያወቅሽ።

ዛሬ ጠዋት ቲክቶክ ላይ አየሁሽ። ከመድረኩ ሥር ሙስዓብን አቅፈሽ ትስቂያለሽ። አንገትሽ ላይ ያለው ለለቅሶው ያዋስኩሽ ጥቁር ሻርፕ ነው።

ከማን ጋር እንደሄድሽ አልጠይቅም።

እኔ ሞጆ እናቴ ጋ ሄጃለሁ።

እትዬ ተሻለችና ጎረቤቶቹ ማታ «እግዜር ያጥናሽ» ሊሉሽ ይመጣሉ። ሀዘንሽን የነገርኳቸው እኔ ነኝ፣ አምኜሽ። ዳቦ ጋግረዋል። ወንበሮቹን ደርድሬልሻለሁ።

ወይ እውነቱን ንገሪያቸው፣ ወይ ቁጭ ብለሽ አልቅሺ። ማስመሰል እንደሆነ ታውቂበታለሽ።

ሉብና