ሃያ ሁለት እርምጃ ስለ ተሻገረው ቤታችን

ሰኔ 11 ቀን 1982 ዓ.ም.

ለጓድ ኃይለመስቀል
የላይኛው ገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር
ዶርዜ

እጅግ የተከበሩ ጓድ ሊቀ መንበር፣

ጤናዎ እንደ መዋጯችን ከዓመት ወደ ዓመት እያደገ እንዲሄድ ከልብ እየተመኘሁ፣ ለቤተሰብዎም ተመሳሳይ ሰላምታዬን በአክብሮት አቀርባለሁ።

እኔ ካሱ ኦይታ በአርባ ምንጭ ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ሃያ ሰባት ዓመት ፋይል ሳወጣና ሳስገባ ኖሬ ባለፈው መስከረም ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳዎ ላይ ለመለጠፍ የተገደድኩት በእጅዎ የሰጠሁዎት ሦስት ማመልከቻዎች የገቡበት ስላልታወቀ ነው። ሰሌዳው ላይ ያለ ወረቀት ግን ቢያንስ ዝናብ እስኪመጣ ይቆያል።

ጡረታ ስወጣ ከባለቤቴ ከብርቅዬ ጋር የት ብንኖር ይሻለናል ብለን ወረቀትና እርሳስ ይዘን ተቀምጠን ነበር። አርባ ምንጭ እንዳንቆይ የቀበሌው ኪራይ፣ የከሰሉና የየስብሰባው መዋጮ ተደምሮ ከጡረታዬ የሚተርፈው ለአንድ ጥንድ ካልሲ አይበቃም። የብርቅዬ ወንድም ካለበት ጫኖ እንዳንወርድ፣ ሙዙ በነፃ ሊባል ምንም ባይቀረውም ከሙዙ ያተረፍነውን ወባ በኪኒን ዋጋ መልሳ ትወስደዋለች። ዶርዜ ግን ኪራይ የለም፣ ቆጮው ከጓሮ ነው፣ ብርዱንም ብርቅዬ የፈተለችው ጋቢ ይመክተዋል፤ ከሁሉ በላይ አማቴ እማማ ወለቴ በዚያ ትልቅ ቤት ብቻቸውን ነበሩ። ስለዚህ ዶርዜን መረጥን። ሒሳቡ ውስጥ ማስገባት የረሳነው እርስዎን ብቻ ነበር።

እንግዲህ ቅሬታዬን በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

1ኛ/ የመንግሥቱ ግብር በላይኛውም በታችኛውም ማኅበር አንድ ነው፤ ስለ እሱ ቅር የሚለኝ ነገር ቢኖር እንኳ ለእርስዎ የሚጻፍ አይደለም። የሚለያየው መዋጮው ነው። ታችኛው ማኅበር ከአንድ ቤት በዓመት አሥራ ሦስት ብር ይሰበስባል፤ መንገዱም ይጠረጋል። እርስዎ ሠላሳ አራት ብር ይሰበስባሉ። አማቴ ለጽሕፈት ቤቱ ቆርቆሮ አራት ዓመት አዋጥተዋል፤ ጽሕፈት ቤቱ ዛሬም የሣር ክዳኑን እንደለበሰ ነው። ለኪነት ቡድኑ የደንብ ልብስ ተዋጥቶ ቡድኑ ሲጨፍር ያየሁት እያንዳንዱ በየራሱ ሱሪ ነው። ለእንግዳ መቀበያ በግም በየዓመቱ እናዋጣለን፤ እንግዳው እስካሁን ባይመጣም በጎቹ ማለቃቸውን ከደጅዎ አጥንት ለመረዳት ችለናል። ስለ እንግዳ ተቀባይነትዎ በዚህ አጋጣሚ ሳላመሰግን አላልፍም።

2ኛ/ ይህን ለሚያነብ የሩቅ አገር ሰው ለማስረዳት ያህል፣ የዶርዜ ቤት ከቀርከሃ የተጠለፈ በመሆኑ ምስጥ እግሩን ሲበላው ጎረቤት ተጠርቶ፣ ከውስጥና ከውጭ ተይዞ፣ እንዳለ ተነስቶ ምስጥ ወደሌለበት መሬት ይዛወራል። የአማቴም ቤት ከልጅነታቸው ጀምሮ ሦስት ጊዜ ተነስቷል፤ በተነሳ ቁጥር የተበላው እግር ስለሚቆረጥ ቁመቱ አጥሯል። ዘንድሮ አራተኛው ተራ ደርሶ ነበርና በመጋቢት አንድ ቅዳሜ ሠላሳ ጎረቤቶች ተሰብስበው አነሱት። ወዴት እናስቀምጠው ሲሉኝ፣ በጓሮው በኩል ሃያ ሁለት እርምጃ ወርዶ ደረቅ መሬት እንዳለ አሳየኋቸው። እዚያው መካከል የሁለቱ ማኅበራት ድንበር ማለፉን አላውቅም ነበር ብል ውሸት ነው።

ሕግ ጥሼ ይሆን ብዬ ግን አልሰጋሁም፤ ሕጉ የእርስዎ ነውና። የዛሬ ሁለት ዓመት የወይዘሮ አስቴር ቤት በድንበሩ ላይ ግማሽ በግማሽ ተቀምጦ በተገኘ ጊዜ እኚያን መበለት ለሌላ ማኅበር ላለመልቀቅ ሲሉ፣ አባል የሚቆጠረው በቤቱ በር ነው፣ በሩ የቆመበት ማኅበር አባል ይሆናል ብለው በጠቅላላ ጉባኤ አስወስነዋል። ቃለ ጉባኤውን ከነማኅተሙ አይቼዋለሁ፤ በመዝገብ ቤት ያረጀ ሰው እንዲህ ያለ ወረቀት ሲያገኝ ደስ ይለዋል። የእኛም በር ዛሬ የቆመው በታችኛው ማኅበር መሬት ላይ ነው። እርስዎ በማግስቱ ከሁለት ጠባቂዎች ጋር መጥተው ማን ፈቅዶላችሁ ሄዳችሁ ብለው በቆጡ ጊዜ እማማ ወለቴ ከበሩ ላይ ሆነው የመለሱልዎትን ያስታውሱታል፤ «ልጄ፣ የሄደው ቤቱ ነው፤ እኔ እንደሆነ ከምድጃዬ አልተነሳሁም።»

3ኛ/ ከአንድ ማኅበር የሚለቅ ሰው የሚይዘውን መሸኛ እስካሁን አልጻፉልንም። ታችኛው ማኅበር ያለ መሸኛ አልመዘግብም ይላል፤ አሥራ ሦስት ብሩን ግን ያለ መሸኛ ተቀብሏል። እርስዎ ለቃችኋል ብለው የኅብረት ሱቅ ካርዳችንን ቀምተዋል፤ ሠላሳ አራት ብሩን ግን አልለቀቃችሁም ብለው ወስደዋል። ስለዚህ በሁለት ማኅበር እየከፈልን ጨው የምንገዛበት አንድም ሱቅ የለንም። ርካሽ ቦታ ሲፈልግ በአገሩ ከሁሉ ውድ የሆነውን ያገኘ ጡረተኛ እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ይህ ሁሉ ያስቃል፤ እኔም ስቄበታለሁ። ባለፈው ማክሰኞ በላኩልን ትእዛዝ ግን አልሳቅሁም። ቤቱ እስከ ሰኔ 30 ወደ ነበረበት ካልተመለሰ ፈርሶ ቀርከሃው ለጽሕፈት ቤቱ አጥር ይውላል ይላል። ጓድ ሊቀ መንበር፣ ይህ ቤት አርጅቷል። ያነሱት ሰዎች እንደነገሩኝ በአንድ ዓመት ሁለት ጊዜ ከተነሳ እንደ አሮጌ ቅርጫት ይበተናል። አማቴ ሰባት ልጆች የወለዱት በዚያ ቤት፣ የአራቱን አስከሬን ያወጡትም ከዚያ በር ነው። ከትእዛዙ ወዲህ ሌሊቱን በእጃቸው ግድግዳውን ይዘው እንደሚያድሩ ብርቅዬ ነግራኛለች። ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው።

ስለሆነም መሸኛው እንዲጻፍልን፣ ትእዛዙም እንዲሻር በትሕትና እጠይቃለሁ። ቤቱ ይመለስ ካሉም መመለሱ ሸክም የሚችል ሠላሳ ሰው ይፈልጋል። በየቤቱ ዞሬ ጠይቄልዎ ነበር፤ አጋጣሚ ሆኖ የመንደሩ ወንድ ሁሉ እስከ ሰኔ 30 ድረስ ወገቡን እንደሚያመው በአንድ ድምፅ ነግሮኛል።

ላልታየው ቆርቆሮ፣ ላልተሰፋው ልብስና ላልመጣው እንግዳ ያለኝን የማይነጥፍ አክብሮት እየገለጽኩ፣ በሁለት ማኅበር ከፋይ በአንዱም ያልተመዘገብኩ ትሑት አገልጋይዎ ነኝ።

ካሱ ኦይታ
(ፊርማ)

ግልባጭ፦
ለታችኛው ገበሬ ማኅበር
ማንበብ ለሚችል መንገደኛ ሁሉ

ተጨማሪ ማሳሰቢያ፦ ባለቤትዎ ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ብርቅዬን ለብቻዋ ጠርተው፣ አንድ ቤት ለማንሳት ስንት ሰው እንደሚበቃ፣ ታችኛው ማኅበርም እውነት አሥራ ሦስት ብር ብቻ እንደሚያስከፍል ጠይቀዋት ነበር። ከበርዎ እስከ ድንበሩ ያለውንም ራሳቸው ቆጥረውት ኖሮ ዘጠኝ እርምጃ ነው ብለዋል። ብርቅዬ ሳትጠይቃቸው የቀረችው፣ ቤቱን የምናነሳው እርስዎን አስወጥተን ነው ወይስ ከነእርስዎ የሚለውን ነው።