ስለ ሰማያዊው በራችን

ለሶም ካት የባሕር ዳርቻ ቀበሌ ሊቀ መንበርና ለቀበሌው የዕርቅ ጉባኤ ሰብሳቢ
ለክቡር አቶ ንጊየም
ሶም ካት፣ ማዕከላዊ ቬትናም

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል እያልኩ የከበረ ሰላምታዬን ዝቅ ብዬ አቀርባለሁ። ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ በባሕሩ ዳር የከፈቱት አዲሱ የእንግዳ ማረፊያም ደኅና እንደ ሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። በተለይ የቀትር እንቅልፍዎን የሚረብሽ ነገር እንዳይኖር ከልቤ እመኛለሁ፤ ይህን ምኞት ለምን ለይቼ እንዳነሣሁት እርስዎ አሁኑኑ ገብቶዎታል፣ ሌላው አንባቢ ደግሞ ጥቂት ከታገሠ ይገባዋል።

እኔ ሌ ቲ ንያን እባላለሁ። ከተማ ሒሳብ አስተምራለሁ። ከዓሣ ገበያው ቀጥሎ ባለው ረድፍ የምትኖረው የእማማ ሶአን ልጅ ነኝ። በዕርቅ ጉባኤዎ ፊት ደጋግሜ በቀረብኩ ቁጥር ሻይና የሎተስ ፍሬ ከረሜላ ስለ ጋበዙኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ ከእርስዎ ደጅ ፍትሕ ሳያገኝ የተመለሰ ሰው ቢኖርም ሻይ ሳይጠጣ የተመለሰ እንደሌለ ለማንም እመሰክራለሁ። ዛሬ በአደባባይ መጻፌ እርስዎን ለማሳፈር አይደለም። እኔ ስናገር ስልክዎ እየጠራ ብዙ ነገር ስላመለጠዎት፣ በጽሑፍ ባደርሰው ይሻላል ብዬ ነው።

አንደኛ፤ ስለ ቀለሙ። ክቡርነትዎ ከተራራው አገር ተሹመው የመጡ በመሆንዎ፣ እዚህ ቤት ለምን እንደሚቀባ ባያውቁ ማንም አይፈርድብዎትም። እኛ ዘንድ ጀልባ ተቀብቶ በተረፈው ቀለም የቤቱ ፊትና በሩ ይቀባል። የእያንዳንዱ ቤተሰብ ቀለም የራሱ ነው፤ ጀልባ ሠሪው ጋሽ ካን ለአንዱ አረንጓዴ ጠብ እያደረገ፣ ለሌላው ጥላሸት እየነሰነሰ፣ በዐይኑ ብቻ እየመጠነ ይበጠብጠው ነበር። ከባሕር የሚመለስ ሰው፣ ደጅ የቆመው ማን እንደ ሆነ ሳይለይ በፊት የገዛ በሩን ይለያል። ባሕር ወስዶት አስከሬኑ ያልተገኘ ሰው ካለ ደግሞ ምስሉን ከጭቃ ሠርተን በባዶ መቃብር እንቀብርለታለን፤ ይህ እስኪደረግ ድረስ የበሩ ቀለም አይቀየርም። ወንድሜ ኮይ ሊያጠምድ እንደ ወጣ አልተመለሰም። እናቴ የጭቃውን ምስል አላሠራም ብላ እስከ ዛሬ አለች። «መንገድ ላይ ያለን ልጅ እንዴት ብዬ እቀብራለሁ?» ነው መልሷ። እኔ የሒሳብ መምህርት ነኝ፣ እንዲህ ያለውን ነገር አላምንም፤ የዚያን በር ቀለም ለመቀየር የሚበቃ ድፍረት ግን ኖሮኝ አያውቅም።

ሁለተኛ፤ ስለ ሥራ ተቋራጩ። ቀለሙን ጨው በልቶት መርገፍ ሲጀምር፣ ጋሽ ካን የኛን ሰማያዊ ለመጨረሻ ጊዜ በጥብጦ አንድ ጣሳ ሰጠን፤ በዝናቡ ወራትም እሱ ራሱ ዐረፈ። እንዲህ ያለ ዕቃ ለማንም ስለማይሰጥ የታመነ ቀቢ እንዲጠቁሙኝ ወደ ቢሮዎ ደወልኩ፤ እርስዎም በታላቅ ቸርነት አቶ ቱክን ሰጡኝ። «እጁ ወርቅ ነው፤ የኔን ማረፊያም የሚሠራው እሱ ነው» አሉኝ። ጣሳውን በገዛ እጄ አስረክቤው፣ ከዚህ ሌላ ቀለም ግድግዳውን እንዳይነካው ብዬ አስጠነቀቅኩት። እሱም፣ «እህቴ፣ እኔ እኮ ፀጉሬ የሸበተው በዕድሜ አይደለም፣ በቀለም ነው። አንቺ ሂጂና እናትሽን አሳክሚ» አለኝ። ደስ የሚል ሰው ነው፣ አይካድም። እኔም እናቴን ይዤ ከተማ ሄድኩ፤ የዐይኗ ሞራ ሊገፈፍ ነበር።

ሐኪሞቹ ጨርቁን ከዐይኗ ሲያነሡላት ደስታዋ ልክ አልነበረውም። ሶም ካት ከአውቶቡስ ወርደን ከፊቴ ከፊቴ እየሄደች፣ የዚህን አጥር፣ የዚያችን ፀጉር እያየች ትስቅ ነበር። ሠፈራችን ስንደርስ ረድፉ ከዳር እስከ ዳር ክሬም ቀለም ሆኖ ጠበቀን። እኔ ደጃችን ላይ ቆምኩ፤ እናቴ ግን አላቆመችም። አሸዋው እስከሚጀምርበት ድረስ ሄደች፣ ተመለሰች፣ እያንዳንዱን በር ቀና ብላ እያየች ደግማ አለፈችን። ስጠራት፣ «ይሄ የማን ቤት ነው?» አለችኝ። የኛ ነው አልኳት። ግድግዳውን በመዳፏ ዳበሰችው። ከዚያ እንዲህ አለች፦ «እኔ በአዲስ ዐይኔ፣ በጠራራ ፀሐይ አለፍኩት። እሱ በምን ያገኘዋል?» ክቡር ሆይ፣ ጥያቄዋን ወደ እርስዎ አስተላልፌያለሁ። እርስዎ መልስ ካለዎት በትሕትና እጠብቃለሁ።

ሦስተኛ፤ ሥራውን በተመለከተ ምንም ቅሬታ የለኝም። ስቱኮው ልስልስ ያለ ነው፣ ብርጭቆ ወረቀቱ በሚገባ ተሻሽቷል፣ ሁለተኛው እጅ ቀለም አንዲት ጠብታ እንኳ ሳያንጠባጥብ ተቀብቷል። እንዲህ ባለ ጥራት ቤቱን የተነጠቀ ሰው በክፍለ ሀገሩ ያለ አይመስለኝም። አቶ ቱክ ሲጠየቅ፣ «ከቀበሌ ታዘዝኩ። ለቀበሌዎች የውበት ውድድር የባሕሩ ዳር በሙሉ ክሬም ይሁን ተባለ፤ ታዲያ እኔ ምን ላርግ?» አለ። ጣሳዬስ ስለው፣ ጫማውን እያየ «ተደፋ» አለኝ።

አራተኛ፤ ስለ ዕርቅ ጉባኤው። ያቀረቡልኝ ጥያቄዎች እንዴት የጠሩ እንደነበሩ አይረሳኝም። ቀለሙ ተላጠ ወይ አሉኝ፤ አልተላጠም አልኩ። ግድግዳው ተሰነጠቀ ወይ አሉኝ፤ አልተሰነጠቀም አልኩ። «ታዲያ የተጎዳው ምንድን ነው?» ሲሉኝ፣ እናቴ ናት ብዬ መለስኩ። በውሳኔው ላይ «ጉዳት አልተገኘም» ተብሎ ተጻፈ፤ ደንበኛ እንዳይከፋ ተብሎም ሦስተኛ እጅ ክሬም በነፃ ተፈቀደልኝ። ቸርነትዎ አፌን አስያዘኝ።

በዚያው ዕለት ጎረቤታችን እትዬ ሉዋ ስለ እግር ዱካዎቹ ልትናገር እጇን አንሥታ ነበር፤ ጊዜ አልነበረም ተባለ። እሷ ያልተናገረችውን እኔ ልናገርላት። ቀትር ላይ፣ ሰው ሁሉ በሩን ዘግቶ በተኛበት ሰዓት፣ በሲሚንቶው መንገድ ላይ ከባሕሩ በኩል የሚመጣ ርጥብ የእግር ዱካ ይታያል። በየደጁ እየቆመ ያልፋል። የኛም ደጅ ላይ ቆሞ ያልፋል። ለእርስዎ ከስብሰባው በኋላ ሲነገርዎ «ሲዋኝ የዋለ ልጅ ይሆናል» ብለዋል፤ ተረከዙ ግን የሙሉ ሰው ተረከዝ ነው። አንድ ቀን በመስኮት ቀዳዳ ስጠብቅ ሰው አላየሁም፤ ዱካው ግን ደጃችን ድረስ መጥቶ፣ ጥቂት ቆይቶ፣ ወደ ቀጣዩ ቤት ሲሄድ በዐይኔ አይቻለሁ። ወጥቼ «ኮይ፣ እዚህ ነው» ማለት ነበረብኝ። አልወጣሁም፤ መስኮቱን ዘጋሁት። ከዚያን ቀን ወዲህ ቀትር በመጣ ቁጥር እፈራለሁ፣ ከፍርሃቴ ይልቅ ግን የሚያቃጥለኝ ሐዘኔ ነው።

አምስተኛ፤ የተደፋው ቀለም እጅግ ብርቱ ቀለም ኖሯል። ከኛ ደጅ ፈስሶ የባሕሩን ዳርቻ አቋርጦ፣ በእንግዳ ማረፊያዎ በር ላይ ከታች እስከ ላይ ወጥቷል። እንኳን ደስ ያለዎት። መላው ሠፈር ክሬም ሲሆን የእርስዎ በር ብቻ ሰማያዊ የሆነው «ለእንግዶች ዐይን ማረፊያ» ተብሎ መሆኑን ጸሐፊዎ በትሕትና አስረድቶኛል። እናቴ ግን በሩን እንዳየችው የማን እንደ ሆነ ለማወቅ ማንንም አልጠየቀችም። ከዚያ ወዲህ ቀትር ላይ በርጩማዋን ይዛ ደረጃዎ ላይ ትቀመጣለች። ዘበኛዎም፣ «እማማ፣ ይነሡ እንጂ፤ እንግዶቹ ምን ይላሉ?» እያለ፣ እሷን ከነበርጩማዋ ከመንገዱ ማዶ ፀሐይ ላይ ያኖራታል። ስላልገፈተራት አመሰግናለሁ።

ስድስተኛና የመጨረሻው የእኔ ሳይሆን የእርስዎ አቤቱታ ነው። ባለፈው የጉባኤ ቀን ከሰብሳቢው ወንበር ወርደው በከሳሽ ወንበር መቀመጥዎ ትልቅ ትምህርት ሆኖልናል፤ ያ ወንበር አንድ እግሩ እንደሚንገዳገድ እርስዎም በዚያው አወቁት። አቶ ቱክን ከሰው እንዲህ አሉ፦ «የቀባኸው በር አይደርቅም። ቀትር ላይ ይንኳኳል፣ ስከፍት ሰው የለም፤ ደፉ ላይ ውኃ አለ፣ ውኃው ደግሞ ጨው ጨው ይላል። እንግዶቼ ሻንጣቸውን እየያዙ ሄዱ።» አቶ ቱክም፣ «ጌታዬ፣ ቀለሙ ከደረቀ ቆየ። እኔ ቀባሁ እንጂ መች አንኳኳሁ?» ሲል አዳራሹ በሳቅ ሞላ። እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ አብሬ ሳቅሁ። ያኔ እርስዎ ተቆጥተው፣ «ምን ያስቃችኋል? ደግሞ የሚንኳኳው እንደ ሰው ወግ ከላይ አይደለም፤ ከታች ነው፣ በእግር እንደሚመታ» አሉ።

አዳራሹ ለምን ጸጥ እንዳለ ማንም አልነገረዎትም፤ እኔ ልንገርዎ። ወንድሜ ዓሣውን ሸጦ ቀትር ላይ ነበር ቤት የሚገባው፤ ሁለት እጁ በቅርጫትና በመረብ የተያዘ ስለ ሆነ፣ ዕድሜውን ሙሉ በሩን ያንኳኳው በእግሩ ጣት፣ ከታች በኩል ነው። እናቴ ሁልጊዜ በዚህ ትቆጣው ነበር። ረድፉ በሙሉ ያውቃል፤ እርስዎ ግን ከየት አባትዎ ሊያውቁ ይችላሉ? እናቴ ከኋላ ወንበር ተነሣች፣ ሻሿን አስተካከለች፣ ማንንም ሳትሰናበት ወጣች። ቤት ስደርስ ሩዝ ጥዳ አገኘኋት። «ርቦት ነው የሚመጣው» አለችኝ።

ክቡር ሆይ፣ ይህን ሁሉ ያጻፈኝ በዚያው ዕለት የሰጡት ውሳኔ ነው። አቶ ቱክ በሩን ፍቆ፣ እንደ ሌላው ሁሉ ክሬም እንዲቀባው አዘዋል። በራስዎ ጉዳይ እንዲህ በፍጥነት መወሰንዎን ሳይ፣ ጉባኤው ሲፈልግ መሥራት እንደሚችል ተረድቼ ተደስቻለሁ። ነገር ግን ጋሽ ካን የለም፤ ጣሳውም የለም። ያ ሰማያዊ በዚህ ዓለም ላይ የቀረው በእርስዎ በር ላይ ብቻ ነው። እሱም ከተፋቀ ወንድሜ የሚያውቀው በር በምድር ላይ አይኖርም፤ እናቴም ይህን ታውቃለች፣ ስለዚህ እንቅልፍ አጥታለች።

ልመናዬ ካሳ አይደለም። አቶ ቱክ ይቀጣልኝም አላልኩም። በሩን ከነማጠፊያው ነቅለው ይስጡን፤ እኛም ክሬም የሆነውን በራችንን በምትኩ ተሸክመን እናመጣለን። ያለምንም ጭረት፣ በሁለት እጅ የተቀባ፣ የቀበሌው መመሪያ የተሟላበት በር ነው። እርስዎ ጸጥታ ያገኛሉ፣ ውድድሩንም ያሸንፋሉ። እኛም የሚያንኳኳልን ሰው እናገኛለን። ያ እስኪሆን ድረስ ዘበኛዎ እናቴን ከደረጃው እንዳያነሣት አጥብቄ እለምናለሁ።

ሻይዎ እንዳይቀዘቅዝ፣ ወንበርዎ እንዳይንገዳገድ፣ ደፍዎም እንዲደርቅ እየተመኘሁ፣ ለክቡርነትዎ ያለኝን ከፍ ያለ አክብሮት፣ የተላበሱትን የትዕግሥት ጸጋ እያደነቅሁ እገልጻለሁ።

የእማማ ሶአን ልጅ፣ የኮይ እህት፣
ሌ ቲ ንያን
(ከክሬሞቹ ቤቶች በአንዱ)

ድኅረ ጽሑፍ፦ በሩን ለመስጠት ልብዎ ካልፈቀደ፣ አንድ ትንሽ ነገር ብቻ ላስቸግርዎ። ቀትር ላይ ከታች ሲንኳኳ ውስጥ ሆነው አይቆጡ፣ ይክፈቱለት። ባለጌ ሆኖ አይደለም፣ እጁ ስለማይመቸው ነው። ቅርጫቱን ይቀበሉትና ጥላ ውስጥ ያኑሩለት። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ እንዳይቀሰቅሳት እየተጠነቀቀ፣ «እማ ተኝታለች?» ብሎ ይጠይቅዎታል፤ ሁልጊዜም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። እባክዎ አይዋሹት። «አልተኛችም፣ ዘበኛዬ አስነሥቷት ከመንገዱ ማዶ ፀሐይ ላይ ተቀምጣለች» ብለው ይንገሩት።