ከእግሯ የሚቀድም ብርሃን

ከዓይኔ ርቀህ ከልቤ ላልራቅኸው ታናሽ ወንድሜ፤ እንደምን ሰንብተሃል? ወገብህስ ተሻለህ ወይ? የባለቤትህ ሳል፣ የልጆችህ ትምህርትስ እንዴት ነው? እኔ ከጉልበቴ አመፅ በቀር ደህና ነኝ። ስለ እኅታችን ግን በአንድ ቃል ልገላግልህ አልቻልሁም። አትደንግጥ፤ በእግሯ ቆማለች።

አንተ ከቴአትር ቤቱ የመብራት ሰገነት ወርደህ ከሄድህ ወዲህ፣ ተዋንያንን የምትከተልበት ያ አሮጌ መብራት ተቃጥሎ መለዋወጫ ጠፋለት። ቴአትር ቤቱ ሁለት አዳዲስ መብራቶች ለሙከራ አስመጥቶ፣ የተውኔቱ ደራሲ ነህና ምረጥ አሉኝ። የአንደኛው ክብ ሰፊ፣ ጠርዙ እንደ ጉም የሚሟሟ ነው፤ የሁለተኛው ጠርዝ ግን እንደ ምላጭ የተሳለ፣ ተዋናይን ከጨለማ ቆርጦ የሚያወጣ ነው። ዋናውን ሚና የምትጫወተው እኅታችን የፊተኛው አይሻልም ወይ ብትለኝ፣ ዕድሜ ለስላሳ ነገር ያስወድዳል ብዬ ቀለድሁባትና ሁለተኛውን አስገዛሁ። እሷም ሳቀች።

አንተን የተካው ሰው ጠንቃቃ ነው። ለሻዩ ስኳር ሲጨምር እንኳ ማንኪያውን ደልድሎ ነውና ዘበኞቹ «ሚዛን» ይሉታል። ተዋናይ ካልተነቃነቀ የእሱ መብራት አይነቃነቅም።

በመክፈቻው ዕለት ሰገነቱ ላይ ከጎኑ ተቀመጥሁ። በመጨረሻው ትዕይንት እኅታችን ከበሩ ተነሥታ፣ ሙዚቀኞቹ በሚቀመጡበት ጉድጓድ አፋፍ አልፋ ወደ ወንበሯ መሄድ ነበረባት። ቆመች። መብራቱም ቆመ። ተመልካቹ ትወና መሰለው። እኔ የጻፍሁት ዝምታ ግን ይህን ያህል አይረዝምም። ቁልቁል ባይ፣ ወንዝ ውስጥ ድንጋይ እንደሚፈልግ ሰው፣ የእግሯ ጣቶች የብርሃኑን ጠርዝ ይዳብሳሉ። ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ጉድጓዱ ተራመደች፤ መብራቱም በታማኝነት ተከተላት።

ያን ጊዜ የአንተ መብራት ትዝ አለኝ። ሁልጊዜ ከእግሯ ጥቂት ይቀድም ነበር፤ እኔ የእጅህ ችኮላ ይመስለኝ ነበር። ሚዛንን «ጠርዙን አላላውና ቅደማት» አልሁት። «ጋሼ፣ የኔ ሥራ መከተል ነው፤ እሷ ሳትሄድ ወዴት ልሂድ?» አለኝ። «ዓይኗ አያይም ልጄ፤ ወደ ወንበሩ ምራት።»

ጠርዙን አላልቶ መብራቱን ገፋ አደረገው። ብርሃኑ ከጉድጓዱ አፍ ሸሸት ብሎ ወለሉ ላይ ደብዘዝ ያለ መንገድ ዘረጋ። ተረከዟ አፋፉ ላይ ዞረ፤ ተከተለችው፤ ወንበሯን በእጇ ነክታ ተቀመጠች። ጭብጨባው ጣሪያ ሊያነሣ ምንም አልቀረው። እኔ ግን ከሰገነቱ ወርጄ ወደ መልበሻ ክፍሏ ሄድሁ።

የፊቷን ቀለም እያስለቀቀች «አወቅህብኝ አይደል?» አለችኝ። ብርሃንን ከጨለማ ከመለየት በቀር እምብዛም አታይም። ለታናሻችን መቼ ነገርሽው ብላት፣ እሷም እንዳልነገረችህ፣ አንተም እንዳልጠየቅሃት፣ መሰናከል በጀመረች ሰሞን መብራቱ ዝም ብሎ መቅደም እንደ ጀመረ አጫወተችኝ። ሦስታችን በአንድ መድረክ ዙሪያ አርጅተን፣ ይህን ያላየሁ እኔ ብቻ ነኝ።

ሚናውን ለተተኪዋ ልቀቂ ብላት ተቆጣች፤ ሰኞ ሐኪም ዘንድ ልትሄድ ግን እሺ ብላለች። ዛሬ ማታ እንደገና ትጫወታለች። ሚዛን ከጠዋት ጀምሮ መቅደምን እየተለማመደ ነው፤ እኔም መነጽሬን አውልቄ እሷን ሆኜ እራመድለታለሁ። ብርሃኑ ብዙ ከራቀ አጣዋለሁ፤ ከቀረበ ደግሞ አፋፉ ይቀድመኛል። በልምምዱ መሐል እቤት ገብቼ አረፍ ብዬ ነው ይህን የምጽፍልህ።

ለባለቤትህ፣ ለታላቁ ልጅህና ለትንሿ አመለኛ ናፍቆቴን አድርስልኝ፤ ለአማትህም እጅ ነሥቻለሁ። እኅታችን ጉንጭህን ስማለች። አንተ ምን ያህል ትቀድማት እንደ ነበር ብጠይቃት፣ «እሱን ለክቼው አላውቅም፤ ሳልፈራ የምራመደውን ያህል ነበር በለው» ብላለች።

ታላቅ ወንድምህ
ከቴአትር ቤቱ ጀርባ፣ ከቤታችን
ግንቦት ፲፪ ቀን