እናት ተኝታለች

…ልጆች ሳለን ሣሩ እስከ ወገባችን ይደርስ ነበርና አንቺ ድንገት እጄን ይዘሽ «ቁም! እንዳትረግጣት» አልሽኝ። እግሬ ሥር አንዲት ሐምራዊ አበባ ነበረች፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን ረሳሁት። ይህን እያሰብኩ ብዕር አነሳሁ። ሰላምታ ሳላስቀድም ወሬ መጀመሬን ይቅር በይኝ፣ እትዬ። እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ ተሻለሽ? እንቅልፍስ ይወስድሻል? ባለቤትሽስ፣ ልጆቹስ? እኛ ደህና ነን። እናታችንም ደህና ናት። ይህችን ቃል ደግመሽ አንብቢያት፤ ደብዳቤውን የጻፍኩት ይህችኑ ቃል ልነግርሽ ነው።

እንደምታውቂው የምሠራው ችግኝ ጣቢያ ነው። ካለፈው ዓመት ወዲህ ያችን ሐምራዊ አበባ፣ የሜዳ ኦርኪድ የሚሏትን፣ በሸክላ ማሳደግ ይዘናል። አለቃችንን «አትንካ» እንለዋለን፤ ከአፉ ሌላ ቃል አይወጣማ። ማዳበሪያ ልጨምር? አትንካ። ሸክላውን ላዙረው? አትንካ። ደግሞ እውነቱን ነው። ዘሯ እንደ ዱቄት የላመ ነው፣ ውስጡ ስንቅ የለውም፤ ብቻውን ቢዘሩት ቀልጦ ይቀራል። ካደገች አበባ ሥር አንድ ጭብጥ አፈር ወስደሽ ትቀላቅዪበታለሽ። በዚያ አፈር ውስጥ ዓይን የማያየው ሻጋታ አለ፤ የሚያጎርሳት እሱ ነው። ማዳበሪያ እሱን ያጠፋዋል። ከዚያ መጠበቅ ነው። ሦስት ዓመት፣ አራት ዓመት፣ ባዶ አፈር። አንዳንዴ ሳየው ቆይቼ፣ ጠባቂው እኔ ልሁን ወይስ ከታች ያለችው፣ ይምታታብኛል።

ካበበች በኋላ ቅጠሏ ይደርቃል። የምትቀረው አፈር ውስጥ ያለች፣ ትንሽ ድንች የምታህል ሥር ብቻ ናት። ሞተች አንልም፤ «ተኝታለች» ነው የምንለው። ያኔ ውኃ ከበዛባት ትበሰብሳለች። አፈር የምንወስድባት ትልቋ አበባ ደግሞ ስሟ «እናት» ነው።

እንግዲህ ማክሰኞ የደረሰሽ መልእክት ለአትንካ የላክኩት ነበር፤ ጣቴ ያንቺ ስም ላይ አረፈ። «እናት ተኝታለች። ውኃ ከልክዬአታለሁ። ከእንግዲህ መጠበቅ ነው።»

ሆስፒታል የተኛች መስሎሽ ቤት ደወልሽ። አባታችን ሲቀበር ሳትደርሺ ቀርተሽ፣ እሷም «እኔም ስሞት እንዳትመጪ» ካለችሽ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ስልኩን ያነሳችው እሷው ናት። የአንቺ ለቅሶ ከጆሮዋ አልፎ እኔ ድረስ ይሰማል፤ እሷ ደግሞ፣ «ኧረ ማን ነው ውኃ የከለከለኝ? ይኸው ልብስ እያጠብኩ አይደለም እንዴ!» ትላለች። ከዚያ አንድ ሰዓት ሙሉ አወራችሁ፤ የሳሙናው አረፋ እጇ ላይ ደረቀ። ስትዘጋው ፊቷ ሌላ ሰው ሆኗል። «ናፍቄያት ነው እኮ፤ ሰበብ ብታጣ አሞሻል አለችኝ» አለች። አንቺ በበኩልሽ፣ «እየደበቀችኝ ነው፤ ድምፅዋ ደክሟል። ፈቃድ ጠይቄ እመጣለሁ» ብለሽ ጻፍሽልኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እናታችን፣ ትመጣለች ብላ፣ መጋረጃ ታጥባለች፣ ፍራሽ ታሰጣለች። ከሥራ ስመለስ ቤቱ በውኃ ውስጥ ያለ ይመስለኛል፤ ሁሉም ነገር ይንሳፈፋል፣ እኔ ብቻ እከብዳለሁ። እውነቱን ብነግርሽ ትቀሪያለሽ። ባልነግርሽ መጥተሽ ታውቂዋለሽ፤ እሷም በሽታ ሰምተሽ እንጂ ናፍቃሽ እንዳልመጣሽ ታውቀዋለች። ነገሩን ለአትንካ ባዋየው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሌላ ቃል ተናገረ። «ንገራት» አለኝ።

ይኸው ነገርኩሽ። ብትቀሪ አልፈርድብሽም። ብትመጪ ግን ወደ ጤነኛ እናት መምጣትሽ ነው፤ ወደ ታመመች ከመምጣት ይልቅ እሱ የሚከብድ ይመስለኛል።

ባለቤትሽን ሰላም በዪልኝ። ትልቋን ልጅሽን ጉንጯን ሳሚልኝ፣ ትንሹን ደግሞ አጎትህ ጢም አብቅሏል በዪው፣ ይሳቅ። አክስታችን «ከእኔ ቀድማ እንዳታረጅ» ትልሻለች። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊውም ወፍረሽ እንደሆነ አዲሱን ልክሽን እንድትልኪለት ለምኖኛል።

ታናሽ ወንድምሽ
ከቤት፣ ከመስኮቱ አጠገብ
ግንቦት 17 ቀን፣ ከሰዓት በኋላ

ላሽገው ስል እናታችን ከኋላዬ ቆማ ኖራለች። ወረቀቱን ከእጄ ወሰደች፤ መነጽሯን አድርጋ፣ ቆማ እንዳለች፣ እስከ መጨረሻው አነበበችው። «እማ» አልኳት። ጠረጴዛው ላይ መለሰችው፤ የተጨማደደውን ጠርዝ በመዳፏ ዳበሰችው። ሹራቧን ደረበች። የት ልትሄጂ ነው አልኳት። «ቲኬት ልጠይቅ፤ እሷ ከቀረች እኔው እሄድላታለሁ» አለች። የውጭው በር አሁን ተዘጋ።